በደም የተጻፈውን ለማርክ ለሸመደዳችሁ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሆይ፣ ስሙ። መምህራንና ወላጆችም አብራችሁ ስሙ፤ ተግሣጹ ለሁላችሁም ነው።

የዓለም ታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ምን ታደርጋላችሁ? ሾርት ኖት ትገለብጣላችሁ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ተጀመረ፣ በ1918 አበቃ፣ ውሉ በቬርሳይ ተፈረመ እያላችሁ ትሸመድዳላችሁ። ፈተና ላይ አንዲት ፊደል ታከብቡና ደብተሩን ትጥላላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ያለቁበትን ምዕራፍም ለማርክ አነበባችሁት፤ ማርኩ ሲገኝ ሟቾቹን ረሳችኋቸው። ይህን ስንፍና ብላችሁ አታቅልሉት። በደል ነው።

ያ ምዕራፍ የተጻፈላችሁ እንድትጠነቀቁ ነበር። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመን ሥልጣን ሲይዝ ሰው በጋዝ የሚፈጅበት ቤት ገና አልተሠራም። ቀድሞ የመጣው ስድብ ነው፤ ጎረቤትን ተባይ ብሎ መጥራት ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በርሊን አደባባይ ላይ ከ20 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተቃጠሉ። እሳቱን የለኮሱት ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ መምህራንም አብረዋቸው ነበሩ። በ1935 የኑረምበርግ ሕጎች አይሁዳውያንን ከዜግነት አወጡ። በ1942 መጀመሪያ 15 ባለሥልጣናት በርሊን አጠገብ ቫንዜ ላይ ተቀምጠው ጭፍጨፋውን እንዴት እንደሚያቀናጁ መከሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የዶክትሬት ዲግሪ ነበራቸው። ልብን ያልነካ ትምህርት ወዴት እንደሚያደርስ እዩ!

የአውሮፓው ሩቅ ነው የምትሉ ከሆነ ሩዋንዳን ተመልከቱ። እዚያ በትምህርት ቤት መምህራን ልጆችን በብሔራቸው እያስነሱ ይቆጥሩ ነበር። ሬዲዮው ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ቀሰቀሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 በመቶ ቀናት ያህል ጊዜ ውስጥ 800 ሺህ ገደማ ሰው ታረደ። ሙራምቢ በተባለው ስፍራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን ተጠልለውበት ያለቁት ግንባታው ባልተጠናቀቀ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ትናንት ማታ ስለ ሌላው ብሔር የጻፋችሁትን አንብቡት። ስቃችሁ ያጋራችሁትን ቪዲዮ መልሳችሁ እዩት። የማን ድምፅ ነው? ቀን ክፍል ውስጥ የኮነናችሁትን ሬዲዮ ማታ በጣታችሁ ታሠራጫላችሁ። እኛ እኮ ዓለምን ሰምቶ ዝም በማለቱ የወቀስን ሕዝብ ነን። የጣልያን አውሮፕላን በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ካፈሰሰ በኋላ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው የዓለም መንግሥታትን አስጠነቀቁ። የተሰበሰቡት ሰሙ፤ ሰምተውም ዝም አሉ። እኛም እነርሱን ወቅሰን እንደ እነርሱ ጆሯችንን ደፈንን።

መምህራን ሆይ፣ "ለምን?" ብሎ የጠየቃችሁን ልጅ "ፈተና ላይ አይመጣም" ብላችሁ አስቀመጣችሁት። ሠላሳ ዓመተ ምሕረት አስጠንታችሁ፣ ተራ ሰው እንዴት ገዳይ እንደሚሆን አንድ ቀን አላስረዳችሁም። ዕዳ አለባችሁ።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ማርክ ጠየቃችሁ፤ እንዴት እንዳመጣው ግን አልጠየቃችሁም። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና ተሰርቆ ወጥቶ ተሰረዘ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛወር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያን ጊዜ ሁሉም መንግሥትን ወቀሰ፤ በገዛ ቤቱ ኩረጃን "ብልጠት" እያለ ማሳደጉን ያመነ ግን ጥቂት ነው። የማይገባውን ማርክ የለመደ ልጅ ለእውነት ሊቆም አይችልም።

ስለዚህ ንስሐ ግቡ። የነነዌ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን በሰሙ ጊዜ ከንጉሥ እስከ ድኻ ማቅ ለብሰው ተመለሱ፤ ከተማቸውም ዳነች። የእናንተም መመለስ በሥራ ይታይ። የጥላቻ መልእክታችሁን ዛሬ ደምስሱ። የሰደባችሁትን የክፍል ጓደኛ በስሙ ጠርታችሁ ይቅርታ ጠይቁት። የጣላችሁትን ምዕራፍ መልሳችሁ፣ ማንም ሳይፈትናችሁ፣ "እኔ በዚያ ቀን የት እቆም ነበር?" እያላችሁ አንብቡት። መምህሩ ለ"ለምን" ጊዜ ይስጥ። ወላጅም ልጁ በሐቅ ያመጣውን ትንሽ ማርክ ያክብር።

"አላወቅንም" የሚለው ሰበብ ለእናንተ አይሠራም። ተምራችኋል፤ ተፈትናችኋል፤ አልፋችኋልም። ያወቀ ሰው ሲበድል ፍርዱ ይከብዳል። ፍርዱ ሳይደርስ ተመለሱ።