የእናቴ ስለት ደርሷልን?

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጾም፣ ስለ ትዕግሥት፣ ወላጅን ስለ ማክበር የጻፋችሁትን ሁልጊዜ በደስታ አነባለሁ። እኔ ግን ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት ሳይሆን በቤታችን ውስጥ ተነሥቶ እስከ ዛሬ በሙሉ ልቤ ያልመለስሁትን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ አንዲት እናት «ልጄን ከጦር ሜዳ በደኅና ከመለስህልኝ» ብላ ብትሳል፣ ልጁም በሕይወት ነገር ግን አንድ እግሩን አጥቶ ቢመለስ፣ ስለቷ ደርሷል ይባላልን?

ለክርክር ያህል የፈጠርሁት ጥያቄ እንዳይመስላችሁ ታሪኩን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የባድመው ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ ታላቅ ወንድሜ በተከታዩ ዓመት ተመዝግቦ ዘመተ። ከእርሱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ተጭኖ የሄደ የጎረቤታችን የእማማ ልጅም ነበረ። በሄዱበት ሌሊት እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ግቢው መካከል ቆመችና ቁልቢ ገብርኤልን ጠርታ ተሳለች። ልጇን በደኅና ቢመልስላት፣ እርሱን ራሱን አስከትላ፣ ዣንጥላ ይዛ ደጁ ድረስ ልትሄድ ቃል ገባች። በማግስቱ እንደ ሰማሁት እማማም በዚያው ሌሊት ለዚያው መልአክ ተስለው ነበር።

ለድሬዳዋ ሰው ቁልቢ ሩቅ አይደለም። የደንገጎን አቀበት ከወጡ በኋላ ያለው መንገድ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ለወታደር ስለትም ቦታው እንግዳ አይደለም። ሲነገር እንደ ኖረው፣ ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በድል ቢመለሱ በዚያ ሥፍራ ለመልአኩ ቤተ ክርስቲያን ሊያሠሩ ተስለው ነበርና፣ የቁልቢ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከዘማች ስለት ነው።

ወንድሜ በግንቦት 1992 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ፈንጂ ረግጦ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዘዋወር ከርሞ፣ በቦርድ ተሰናብቶ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ቤቱ ገባ። የእማማ ልጅ አልተመለሰም።

ወንድሜ የገባ ዕለት የነበረውን እልልታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አባቴ ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው በር ላይ ቆሙ። ሰፈርተኛው ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ። ወንድሜ ከመኪናው ሲወርድ ሰው ፊት ለመቆም አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እልልታው ሲቀልጥ ግን ቀና አለ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ኩራት የምናገረውን ስታነቡ ኩራትን ሁሉ የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። በዚያን ዕለት ከክራንቹ ይልቅ ያቆመው የሕዝቡ ኩራት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ የስለቱ ነገር ተነሣ። የታኅሣሥ 19 በዓል እየቀረበ ነበርና። አክስቴ፣ «አልደረሰም» አለች። እርሷ መጽሐፍ የምታውቅ ሴት ናት። በዚያ ዕለት የምናከብረው መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከናቡከደነፆር እሳት ያወጣበትን መሆኑን አስታውሳ፣ «ገብርኤል ሲያወጣ የፀጉር ጫፍ አይቃጠልም፣ የጢስ ሽታ እንኳ ልብስ ላይ አይቀርም። ይኼ ልጅ ግማሽ እግሩን ትቶ መጥቷል። በደኅና ማለት ይህ ነው?» ስትል ጠየቀች። አባቴ ተቆጡ። «የቀሩትን አስቢ እንጂ! ልጁ ቤቱ ገብቷል። እኛ ከመልአክ ጋር በእግር ቁጥር አንከራከርም» አሏት። እናቴ ቡናውን እየቀዳች ዝም አለች።

እኔ የዚያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ። ከአባቴ ጎን ቆምሁ። መቆም ብቻም አይደለም፤ ብዕር አነሣሁ። ወንድሜ እንዴት ያለ ፍርሃት እንደ ተዋጋ፣ እግሩን ለአገሩ በደስታ እንደ ሰጠ፣ የእናቴም ጸሎት ከሞት አፍ እንዴት እንደ ነጠቀው የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ በእሑድ ጉባኤ ላይ አነበብሁ። ጭብጨባው ብዙ ነበር። በዚያን ሰሞን የሱቁ ባለቤት እንኳ «የጀግናው ወንድም» እያለ ከሰው አስቀድሞ ያስተናግደኝ ነበር፤ እኔም ወድጄው ነበር።

ወንድሜ በጉባኤው ከኋላ ተቀምጦ ሰምቷል። ማታ ከተኛን በኋላ በጨለማው ውስጥ ጠራኝ።

«ያ የጻፍኸው ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

«አንተ ነህ እንጂ፣ ወንድም ጋሼ» አልሁት።

«እኔ አላውቀውም። እኔ ፈርቻለሁ። እግሬንም አልሰጠሁም፤ ተወሰደብኝ። ሌሊት ሌሊት ስጮኽ አጠገቤ ተኝተህ ትሰማ የለም? እርሱን ለምን አልጻፍኸውም?» አለና ጥቂት ቆይቶ፣ «ደግሞ እማማ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ለመሆኑ የእርሳቸው ጸሎት ከእማዬ ጸሎት በምን አነሰ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። መልስ አልነበረኝም።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ከዚያን ሌሊት ወዲህ ስለ ቤተሰብ ኩራት ሳስብ የገባኝ ይህ ነው። ቆስሎ ለተመለሰ ሰው ኩራታችንን ስንሰጠው ስጦታው ነጻ አይደለም፤ ኪራይ አለው። እንግዶች ሲመጡ «አልፈራህም አይደል?» ብለው ይጠይቁት ነበር። መልሱ በጥያቄው ውስጥ ተቀምጧል። ወንድሜም «አልፈራሁም» ይላቸዋል፤ እነርሱ ረክተው ይሄዳሉ፤ እርሱ ግን ፍርሃቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ በገዛ ቤቱ ያጣል። አባቴ ኮታቸውን የለበሱት ለወንድሜ ነበር፤ እኔ ግን ያን ጽሑፍ የጻፍሁት ለራሴ ነው። በእግሩ መቆረጥ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ኩራታችን በምን ላይ እንደ ተመሠረተ ይበልጥ የታወቀው ደግሞ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ተሰጥቶ፣ ባድመ ለኤርትራ መወሰኗ ሲታወቅ፣ ወንድሜ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ወሬውን የሰማው በእጁ ላይ ካለ የሰው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮውን ሊወስድ የመጣው ሰው፣ ቀድሞ ጀግና ሲለው የነበረ፣ «እንግዲህ እግርህ በከንቱ ቀረ በለኛ!» አለው። ወንድሜ ካቻቢቴውን አስቀምጦ «ሬዲዮህ ሠርቷል፣ ውሰደው» አለው፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ የሰላሙን ስምምነት ሲፈርሙ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ አለቀሰ። በዚያኛው ምሽግ ውስጥ የነበሩትን ልጆች አስቦ መሆኑን ኋላ ነገረኝ። በዚያም ወገን ታኅሣሥ ገብርኤልን የሚያከብሩ፣ ለዚያው መልአክ የተሳሉ እናቶች እንደ ነበሩ አትዘንጉ። አንዱ መልአክ ከሁለት ምሽግ ሲለመን ምን ያድርግ? እኔ አላውቅም። «የእናቴ ጸሎት አዳነው» ብዬ በድፍረት የጻፍሁት ልጅ ግን ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

ወደ ስለቱ ልመለስ። የአክስቴ ክርክር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ስለ ሠለስቱ ደቂቅ የተናገረችው በመጽሐፍ ያለ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ወጣቶች ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የመለሱለትን አስተውሉ። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ነገሩት፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩለት። ሠዓልያን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሥሉልን ያልተቃጠለውን ፀጉርና የመልአኩን ክንፍ ነው። ያ ሁለተኛው ቃል አይሣልምና እኛም ለልጆች ስናስተምር እናልፈዋለን። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ታሪክ ለሕፃናት ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁትም።

ሌላው የያዕቆብ ነገር ነው። ያዕቆብ በያቦቅ ወንዝ ዳር ታግሎ በረከትን ተቀበለ፤ በዚያው ሌሊት ሹልዳው ተነክቶ እያነከሰ ሄደ። በደኅና ወጣ ወይስ ተጎድቶ ወጣ ብትሉኝ ሁለቱንም ነው እላለሁ። ነገር ግን በዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ደግ አባት ወንድሜን ሊያጽናኑ መጥተው፣ እግሩ የተወሰደው ለበረከት እንደ ሆነ ነገሩት። ወንድሜ በአክብሮት እጃቸውን ተሳለመ፤ እኔ ግን አሁን ሳስበው አልስማማም። ያዕቆብን የነካው የታገለው ነው። ወንድሜ የረገጠውን ፈንጂ ግን የቀበረው ሰው ነው። ሰው የቀበረውን በእግዚአብሔር ማሳበብ ማጽናናት አይመስለኝም።

ዮፍታሔንም አስባለሁ። ተስሎ ወደ ጦርነት የሄደው እርሱ፣ ለስለቱ ዋጋ የከፈለችው ግን ልጁ ነበረች። በእኛም ቤት አባቴና አክስቴ ሲከራከሩ፣ እኔም ስጽፍ፣ ስለቱ የተነገረለትን ሰው የጠየቀው አልነበረም። በመጨረሻ የጠየቀችው እናቴ ናት። በኅዳር ወር ማብቂያ አንድ ማታ እግሩ ሥር ተቀመጠችና ቁስሉን በሞቀ ውኃ እያጠበች፣ «ልጄ፣ ደኅና ነህ?» አለችው። እንደ ሰላምታ አልነበረም፤ በእውነት ነበር የጠየቀችው።

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «አላውቅም እማዬ። ግን መጥቻለሁ» አላት።

እናቴ ፎጣውን ጨምቃ ተነሣች። በማግስቱ ዣንጥላውን ገዛች። አክስቴም ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም፤ እንዲያውም ለስንቅ የሚሆነውን ዳቦ የጋገረችው እርሷ ናት። ወንድሜ ሁለት ነገር ብቻ ለመነ። አንደኛ እልል እንዳይባልለት፣ ሁለተኛ እማማ አብረውን እንዲሄዱ። ሁለተኛውን ለእማማ ለመናገር የደፈረ ስለ ጠፋ ራሱ በክራንች ሄዶ ነገራቸው። በር ዘግተው ምን እንደ ተነጋገሩ አላውቅም። ሲወጣ «ይመጣሉ» አለን።

ታኅሣሥ 18 ቀን ወጣን። የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ገና ሁለት ሳምንት ማለፉ ነበር። ደንገጎ ላይ መኪናው በምእመናን ብዛት ቀስ እያለ ሄደ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ ሕፃኑን ሊያስጠምቅ ያዘለ መንገዱን ሞልቶታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ ወንድሜ በሁለት እጁ ክራንች ስለ ያዘ ዣንጥላውን ሊይዝ አልቻለም፤ እናቴ ራሷ ተሸክማ አቀረበችው። ስለት የሚቀበለው ሰው «ምን ተብሎ ይነገር?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ ወንድሜን አየችው፤ ከዚያ እማማን አየቻቸው።

«ልጄ መጥቷል በሉልኝ» አለች። «በደኅና» የሚለውን አልጨመረችም።

እማማ ምንም አልተናገሩም። ከነጠላቸው ውስጥ ጧፍ አወጡና እንዲያበራላቸው ለወንድሜ ሰጡት። እርሱም ክራንቾቹን ለእኔ አቀብሎ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የእርሳቸውን ትከሻ ተደግፎ አበራላቸው።