ያልነደደ ወረቀት

ያልነደደውን ወረቀት የነደደ አስመስሎ ለሰው ማሳየት ጥበብ ነው ወይስ ሐሰት? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በ1982 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕና እሱን የመሳሰሉት የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራሞች በየሰው እጅ ከገቡ ወዲህ፣ ነገሩ ከትያትር ማስታወቂያ አልፎ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚደርስ ሆኗል።

የአሠራሩ አኳኋን እንዲህ ነው። ሠሪው አንድ ነጭ ገጽ ይወስድና ዳሩን አይጥ እንደ በላው አድርጎ ይቈርጠዋል፤ በቈረጠው ጠርዝ ላይ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ወደ ውስጥ ቡናማ፣ ከዚያም ቢጫ ቀለም እያሳሳ ይቀባል፤ ከሥሩ ጥላ ያኖርለታል፤ ከአሮጌ ወረቀት ፎቶግራፍ ያገኘውንም መጨማደድና እድፍ እንደ ስስ ነጠላ ይደርብበታል። ፊደሉንም አንዳንዱን አደብዝዞ፣ አንዳንዱን አጕድሎ፣ የወረቀቱን እጥፋት ተከትሎ እንዲጐብጥ ያደርገዋል። እጁ ለለመደ ወጣት ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም።

እውነተኛው እሳት ግን እንዲህ ያለ ጨዋ አይደለም። አርእስቱን አክብሮ ኅዳጉን ብቻ አይበላም። ተዘግቶ የተቀመጠ መጽሐፍ ሲቃጠል፣ አየር ወደ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገባ፣ ዳር ዳሩ ከስሎ መኻሉ ሊተርፍ ይችላል፤ ተነጥሎ የወደቀ ሉክ ወረቀት ግን ወዲያው አመድ ይሆናል። ብራና ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነገር ነው፤ ቆዳ ነውና እሳት ሲነካው ይኰማተራል፣ ይጠቀለላል፣ ይደርቃል፤ ሽታውም የተለበለበ ጠጕር ሽታ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ የግዕዝ ብራና» ተብሎ ዳሩ እንደ ጋዜጣ የነደደ ሥዕል ስናይ፣ ሠሪው ጋዜጣ ሲነድ እንጂ ብራና ሲነድ አይቶ እንደማያውቅ እንረዳለን። ይህ የሙያ ጉድለት ነው፤ ያስቃል እንጂ አያስከስስም።

የሚያስከስሰው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን አቃጠሉ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ከያዙ በኋላ፣ ንጉሡ የሰበሰቧቸውን ብዙ የብራና መጻሕፍት ወስደው አምባውን በእሳት አጋዩት። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ግፍ ደግሞ ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ቤት ከነነዋሪው አነደዱ። በነዚህ ቤቶች ውስጥ የነበረውን ውል፣ ደብዳቤ፣ የትውልድ መዝገብ ዛሬ ማን ይቈጥረዋል? እንግዲህ አንድ ሰው በስልኩ ላይ «ከመቅደላ ቃጠሎ የተረፈ ገጽ» ብሎ የሚያሰራጨው ሥዕል የሚገባው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። የተቃጠለው ጠርዝ ለሐሰተኛው ሁለት አገልግሎት ይሰጠዋል፤ አንደኛ የተመልካቹን ልብ ያራራለታል፤ ሁለተኛም ጠያቂውን ዝም ያሰኝለታል። ቀኑ የት አለ? ነድዷል። የጸሐፊው ስም? እሱም ነድዷል። ማኅተሙስ? አመድ ሆኗል። በእውነት የጠፋው ነገር ላልነበረው ነገር ዋስ ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «እንግዲያውስ ጢም ለጥፎ ንጉሥ የሚሆነው ተዋናይ ሐሰተኛ ነውን?» ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ተመልካቹ ትኬት ቈርጦ ሲገባ የሚያየው ጨዋታ መሆኑን ያውቃል፤ መጋረጃውም ሲወርድ ንጉሡ ካባውን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለመጽሐፍ ሽፋን ወይም ለትያትር ማስታወቂያ የተሠራ የነደደ ወረቀትም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ሥዕል መጋረጃ የለውም፤ ከሽፋኑ ላይ ተቈርጦ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የት እንደ ተወለደ የሚናገርለት አያገኝም። ስለዚህ «እኔ ለውበት ሠራሁት፤ ሌላው ያደረገበት አይመለከተኝም» የሚለው መልስ እኔን አያረካኝም። በሥዕሉ ግርጌ «ለትያትር የተሠራ» የሚሉ ሁለት ቃላት መጻፍ ምን ያህል ያደክማል?

ይኸው የኮምፒዩተር ጥበብ ለተቃራኒው ሥራም መዋሉን ልብ ማለት ይገባል። በኢጣልያ አገር የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ79 ዓመት ሲፈነዳ፣ በሄርኩላኔም ከተማ የነበሩ የፓፒረስ ጥቅሎች ከሰል ሆኑ። ቀለማቸውም ከካርቦን የተሠራ ስለ ነበረ በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኖ አልታይ አለ፤ ሊፈቱም ሲሞከሩ ብዙዎቹ ተሰባበሩ። በ2016 ዓ.ም. ግን ወጣት ተመራማሪዎች አንዱን ጥቅል ሳይፈቱ፣ በራጅና በኮምፒዩተር ረዳትነት ከውስጡ ቃላት ማንበባቸው ተነገረ። ያኛው ያልነደደውን ያነድዳል፤ እነዚህ የነደደውን ያናግራሉ።

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለምንኖርና በጽሕፈት ሥራ ለምንተዳደር ግን ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን በባለጉዳዩ በኩል ነው። ሐሰተኛ ሰነድ የሚሠራውን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል፤ ስለ እሱ ብዙ አልጨነቅም። የምጨነቀው ቤቱ በእውነት ስለ ተቃጠለበት ሰው ነው። ይህ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም የቤቱን ካርታ ፍራጭ በፌስታል ቋጥሮ ሲመጣ፣ ጸሐፊው በስልኩ ብዙ የውሸት ቃጠሎ ያየ እንደ ሆነ፣ ገና ሳይመረምር ይጠረጥረዋል። አንድ ጊዜ በእሳት፣ ሁለተኛ በጸሐፊው ዓይን ይቃጠላል። ጸሐፊው ማድረግ የሚገባው በስልክ የተላከውን ሥዕል ትቶ ፍራጩን ራሱን መቀበል፣ ጀርባውን ገልብጦ ማየት፣ እንዳይረግፍም በሁለት ካርቶን መካከል ማኖር፣ ከዚያም መዝገብ ቤት ወርዶ የቀረውን ቅጂ በቍጥሩ መፈለግ ነው። ቅጂው እስኪገኝ ድረስ ጊዜ ይወስዳልና ለባለጉዳዩ ወንበር ይቅረብለት።