የሰው ወርቅ

ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ኅዳር ጽዮን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላጣጥፍ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን እዚሁ በምንኖርበት በኮሎምበስ ከተማ ሚሺጋንን ይገጥማል። ሚሺጋን በዚያ ዓመት አምስት ጊዜ ተሸንፎ የመጣ ነው፤ ያሸንፋል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጨዋታው ሊያልቅ 45 ሴኮንድ ሲቀረው ኳሷን በእግሩ መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል አሳለፋት፤ 13 ለ 10 ሆነ። ባለቤቴ ከኩሽና ሆና «እንዴት ሆነ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ተሸነፉ» አልኳት።

አጠገቤ የተቀመጠው የ14 ዓመት ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ‹አሸነፍን› ነበር ያልከው።»

እውነቱን ነው። በፊተኛው ቅዳሜ ኢንዲያና 38 ለ 15 ሲረታ «አሸነፍን» ብዬ ለወንድሜ ስልክ ደውያለሁ። በሰባት ቀን ውስጥ «እኛ» የነበረው «እነሱ» ሆነ። ልጄ ነገሩን በቀልድ ነው ያነሳው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልተወው አልቻልኩም።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ነገሩን በጥቂቱ ላስረዳ። ፉትቦል የምለው የእኛን እግር ኳስ አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል የሾለ፣ ተጫዋቾቹ የራስ ቁር ደፍተው እየተላተሙ ሜዳ የሚነጣጠቁበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። በኮሌጁ ውድድር የሚሰለፉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ18 እስከ 23 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች። እነሱን ለማየት የሚመጣው ሕዝብ ግን የተማሪ ጨዋታ የሚያይ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው የኦሃዮ ስቴት ስታዲየም 102,780 ሰው ይይዛል። በጨዋታ ቀን ከተማው ቀይና ግራጫ ይለብሳል፤ ሰርግም ልደትም የሚቆረጠው የቡድኑ የጨዋታ ፕሮግራም ታይቶ ነው።

እኔን ወደዚህ ያስገባኝ ጨዋታው ራሱ አይደለም። ሕጉን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያስገባኝ ኮፍያ ነው። እዚህ በመጣሁ ሰሞን ከርካሽ ሱቅ የገዛሁትን የቡድኑን ኮፍያ አድርጌ ሌላ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ የማላውቀው ነጭ ሽማግሌ ከሩቅ «ኦ-ኤች!» ብሎ ጮኸብኝ። ደነገጥኩ። መልሱ «አይ-ኦ!» መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የስቴቱ ስም አራት ፊደል ነው፤ አንዱ ግማሹን ሲጠራ ሌላው ግማሹን ይመልሳል፤ ካህኑ ሲጀምር ምእመኑ እንደሚቀበለው። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አነጋገሬን ሰምቶ «ከየት ነህ?» የማይለኝ፣ ግማሽ ቃል ወርውሮልኝ ግማሹን ከእኔ የሚጠብቅ ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ ግን ከመጀመሪያውም አልተዋጠላትም። የቡድኑን ማልያ 100 ዶላር ከፍዬ ስገዛ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለችኝ። ተረቱ እንዲህ በልክ የሚገጥምበት ቦታ አላየሁም። ሌሎች ያሸንፋሉ፣ እኛ እንደምቃለን። ይህንን የታዘበችው እሷ ብቻ አይደለችም። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ ኦሃዮ ስቴትንና ሚሺጋንን ጨምሮ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ሰኞ ሰኞ ተማሪዎች ምን ለብሰው ክፍል እንደሚገቡ ተመለከተ። ቡድኑ ቅዳሜ ካሸነፈ የዩኒቨርሲቲውን ልብስ የሚለብሰው ይበዛል። በስልክ ሲጠየቁም ስለ ድል ሲናገሩ «እኛ» ማለት ያዘወትራሉ፤ ስለ ሽንፈት ሲሆን «እኛ» ትቀንሳለች። የልጄ ትዝብት እሱ ከመወለዱ ብዙ ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበር።

ታዲያ ደጋፊ «እኛ» ሲል ይዋሻል? ለዚህ ቸኩሎ «አዎ» የሚል ብዙ ነው። «ሜዳ አልገባህ፣ ላብ አላፈሰስክ፣ እኛ የሚያሰኝህ ምንድን ነው?» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዚያ ዓመት ኳሱን ይመራ የነበረው ዊል ሃዋርድ የመጣው ከካንሳስ ስቴት ነው። ከኋላ ሆኖ ይከላከል የነበረው ኬሌብ ዳውንስ የመጣው ከአላባማ ነው። ሁለቱም ለቡድኑ የተጫወቱት የመጀመሪያ ዓመታቸው ነበር። በአንድ ክረምት የመጣ ልጅ «እኛ» ከተባለ፣ በዚህ ከተማ ግብር እየከፈልኩ ልጅ ያሳደግኩ እኔ የማልባልበት ምክንያት የለም። «እኛ» በደም የሚወረስ፣ በቆይታ ብዛትም የሚለካ አይደለም። ሰው ሲገባበት የሚሆን ነገር ነው። ስደተኛ ይህንን ካላመነ የሚኖርበት አገር የለውም።

ጥያቄው መግቢያው ምንድን ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ያላነሰ እውቀት አለን፤ እድር አለና። በእድር «እኛ» ማለት የሚቻለው መዋጮ ስለተከፈለ፣ ለቅሶ ስለተደረሰ፣ ድንኳን ስለተተከለ ነው። ሰርግ ሲሆን ከፊት የሚቀመጥ፣ ለቅሶ ሲሆን የማይታይ ጎረቤት በየሰፈሩ አለ። ማንም በግልጽ አይሰድበውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ያን ቅዳሜ «ተሸነፉ» ስል እኔ ያ ጎረቤት ነበርኩ።

ብቻዬንም አልነበርኩም። ከሚሺጋኑ ሽንፈት በኋላ አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር የሚለው ጩኸት ከተማውን ሞላው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡድኑ በጥሎ ማለፉ ቴነሲን በሜዳው ሲገጥም ከስታዲየሙ መቀመጫ ቀላል የማይባለው ክፍል በእንግዶቹ ብርቱካናማ ቀለም ተሞልቶ ነበር። የእኛ ሰው ወንበሩን ለቆ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ 42 ለ 17 አሸነፉ። ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዕለት፣ በጥቅምት በአንድ ነጥብ ብቻ የረታቸውን ኦሬገንን 41 ለ 21 አሸነፉ። ቀጥሎ ቴክሳስ መጣ። ቴክሳስ አቻ ሊያደርግ ግቡ አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ ጃክ ሶየር የቀድሞ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን ክዊን ዩወርስን መትቶ ኳሷን አስለቀቀው፤ አንስቶም 83 ያርድ ሮጦ አገባት። ሶየር የዚሁ የኮሎምበስ አካባቢ ልጅ ነው። እኔ ሶፋ ላይ ቆሜ «አገባን!» እያልኩ እጮህ ነበር። «እኛ» ተመልሳ መጥታለች፤ የት እንደከረመች የጠየቃት ግን አልነበረም።

ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ማታ፣ አትላንታ ላይ ኖተር ዴምን 34 ለ 23 አሸንፈው የአገር ሻምፒዮን ሆኑ። ሰዎች ውርጩን ሳይፈሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው መንገዶች ወጡ። እኔም ማልያዬን ለብሼ ሥራ ገባሁ። ያን ቀን በልቤ የቀረው ግን ሌላ ወርቅ ነው። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚሺጋንን ላሸነፈ የኦሃዮ ስቴት ቡድን ተጫዋቾች የሱሪ ቅርጽ ያላት ትንሽ የወርቅ ጌጥ ትሰጣቸዋለች። ሶየር በ2021 ቡድኑን ተቀላቅሎ አራት ዓመት ተጫወተ፤ አራቱንም ዓመት በሚሺጋን ተሸነፈ። የአገር ዋንጫ ይዞ ሲወጣ ያቺን ጌጥ አልያዘም። ዋንጫውን እኛም ተካፍለናል። ያቺ የጎደለችው ግን የእሱና የጓደኞቹ ብቻ ናት። ኪሳራን ብቻውን የሚሸከም ሰው ካለ «እኛ» ገና አልሞላም።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሽንፈት ተናገርኩ። ሽንፈት ቀላሉ ነው። ከባዱ ግንቦት ላይ መጣ።

ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ ፉትቦል መጫወት ይፈልጋል፤ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያስጠነቅቅ አንቀጽ አለ። ሳላነበውም ፍርሃቱን አውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት 202 የሞቱ ተጫዋቾችን አንጎል መርምሮ ነበር። ከፍተኛ ደረጃቸው ኮሌጅ ከነበረው 53 ሰዎች መካከል 48ቱ ላይ በተደጋጋሚ ግጭት የሚመጣው የአንጎል በሽታ ተገኘባቸው። አንጎሎቹን የሰጡት ብዙውን ጊዜ ሕመሙን የጠረጠሩ ቤተሰቦች ስለሆኑ ቁጥሩ ለተጫዋች ሁሉ አይሠራም፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ተናግረዋል። እንዲህም ሆኖ አንድ አባት ብዕሩን እንዲያስቀምጥ ይበቃል። በሽታው በርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል።

«አልፈርምም» አልኩት። «ሩጫ ግባ» ስለው «ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ስለ ጥናቱ ነገርኩት። አዳምጦኝ ሲያበቃ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ ለማወቅ በሚመስል ድምፅ ጠየቀኝ።

«የምትጮህላቸው ልጆች አባት የላቸውም?»

መልስ ፈለግሁ። አዋቂዎች እኮ ናቸው፣ ወደውና ፈቅደው ነው የሚገቡት ልለው ነበር። ግን በ20 ዓመቱ ይህን ጨዋታ የሚጀምር እምብዛም የለም። የማጨበጭብላቸው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቀን በልጄ ዕድሜ ወይም ከዚያ በታች ሆነው እንዲህ ያለ ወረቀት ለወላጅ ያቀረቡ ናቸው፤ ወላጅም ፈርሟል። የአዋቂው ፈቃድ በልጅነቱ ፊርማ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ይከፈላቸዋል የሚለውም አለ። እውነት ነው፤ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው እንዲያካፍሉ ተፈቀደላቸው። መከፈላቸው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ግን ክፍያ ከእኔ ላይ ዕዳውን አያወርድም። ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ከሕንጻ ላይ ሲወድቅ «ተከፍሎታል» ብሎ ለቅሶ የሚቀር ሰው የለም። ደግሞም እኔ ለልጄ በማንኛውም ዋጋ የማልፈቅደውን ሌላው ልጅ ስለተከፈለው ብቻ ቅር ሳይለኝ የማይ ከሆነ፣ ያ «እኛ» ውስጥ ያልቆጠርኩት እሱን ነው ማለት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «እንግዲያው ማየቱን ተወው» ይሉኛል። ምናልባት ትክክል ናቸው። እኔ ግን አልተውኩም፤ ለዚህም የማቀርበው ጥሩ ሰበብ የለኝም። ማለት የምችለው ይህን ነው፤ ደጋፊነት በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ቅጽል ስምም አይደለም። «እኛ» ብሎ የተናገረ ሰው የገባው ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ መዋጮ አለው። በተሸነፉ ማግስት 20 ዓመት የሞላውን ልጅ በስሙ እየጠሩ አለመስደብ መዋጮ ነው። ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲላተሙ አለማጨብጨብ መዋጮ ነው። የልምምድ ግጭት ይቀነስ፣ ተጫውተው ለወጡትም ሕክምና ይኑር የሚል ነገር ሲነሳ «ጨዋታውን አበላሹት» አለማለት መዋጮ ነው። ትንሽ ነው። ልጁን ለማያሰልፍ አባት በጣም ትንሽ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ አዲሱ ወቅት በቴክሳስ ጨዋታ ተጀመረ፤ 14 ለ 7 አሸነፍን። ልጄ ክፍሉ ነበር፤ አልጠራሁትም። አንድ ልማዴን ግን ለውጫለሁ። ተጫዋች ወድቆ ሳይነሳ ሲቀር ቴሌቪዥኑ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል፤ እኔም ድሮ ያን ጊዜ ቡናዬን ልቀዳ እነሳ ነበር። አሁን ቁጭ እላለሁ። ልጁ እስኪነሳ፣ ወይም ደግፈው እስኪያወጡት ድረስ እጠብቃለሁ፤ ቁጥሩን አይቼ ስሙንና ያደገበትን ከተማ እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ከዚሁ የመኪና መንገድ ሠላሳ ደቂቃ የማይርቅ ነው።

ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ሳልፈርምበት። ልጄም ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን «አሸነፍን» ስል ቀና ብሎ ያየኛል፤ ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንደጠየቀኝ እቆጥረዋለሁ።