ከቀለሙ በፊት

ሰው ጉድለቱን ሸፍኖ በሌሎች ፊት አምሮ ቢታይ አስመሳይ ይባላልን? ብዙዎቻችን «አዎን» ለማለት እንቸኩላለን። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን ወደ አንድ እንግዳ ስፍራ ልውሰዳችሁ፤ በአሜሪካ አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን ወደሚሠራበት።

ይህ ተረት አይደለም። በርት ሩታን የተባለው የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያ የሠራው ቫሪ ኢዚ እ.ኤ.አ. በ1975 ከበረረ በኋላ፣ ብዙ ሰዎች ንድፉን እየገዙ በገዛ እጃቸው አውሮፕላን ሠርተው በርረዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀላል ፎም በክንፍ ቅርጽ ይቆረጣል። በላዩ ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ፣ ማለትም ፋይበርግላስ፣ ይነጠፍና ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ ይርሳል። ሲደርቅ ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። በአየር ላይ ጭነቱን ከሚሸከሙት ዋነኞቹ አንዱ ይህ ስስ ቆዳ ነው።

ቆዳው ግን ሸካራ ነው፤ ጎድጓዳና ጉብታ አለው። ስለዚህ ከቀለም በፊት ሠሪው ኢፖክሲውን ውስጣቸው ባዶ ከሆነ፣ እንደ ዱቄት ከደቀቁ የመስታወት እንክብሎች ጋር አደባልቆ እንደ ስቱኮ ይለስንበታል። ሲደርቅም በረጅም ጣውላ ላይ በለጠፈው የብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ ይፍቀዋል። ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ገጹን ለማስተካከል ሁለት መንገድ አለ፤ ጎድጓዳውን መሙላት፣ ወይም ጉብታውን መፋቅ። መሙላት ጊዜ ይፈጃል፤ ክብደትም ይጨምራል። መፋቅ ፈጣን ነው። ነገር ግን ጉብታው ራሱ ጨርቁ ከሆነ፣ የሚፋቀው የክንፉ ጉልበት ነው። የተቆረጠውን ክር ስቱኮ አይተካውም፤ ስቱኮ መልክ እንጂ ብርታት አይሰጥም።

እስቲ ራሳችሁን በዚያ ሰው ቦታ አድርጉ። መሽቷል፤ ክንዳችሁ ዝሏል። ጥቂት አብዝታችሁ ፋቃችሁና ክሮቹ ተቆርጠው አያችሁ። ስቱኮ ቢለሰንበት፣ ነጭ ቀለምም ቢቀባ ማንም አያውቅም። ክንፉ ምናልባት ይችለዋል፤ ምናልባትም አይችለውም። ተመልካቾች ግን የሚያበራውን ገጽ አይተው ያደንቃሉ። በእኛ አነጋገር «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የቀለሙ ነውን? አይደለም። የፀሐይ ጨረር ኢፖክሲን ያበላሻል፤ ቀለሙም ይከላከልለታል። ነጭ የሚመረጠውም ጥቁር ቀለም ሙቀት ስለሚስብና ሙቀት ሲበዛ ሙጫው ስለሚላላ ነው። ሳይሸፈን የቀረ ክንፍ «ግልጽ ነው» ተብሎ አይመሰገንም፤ ይበላሻል እንጂ። እንደዚሁም የልቡን ቁስል ሁሉ በየአደባባዩ የሚዘረግፍ ሰው ከሌላው ይልቅ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

ልዩነቱ በመሸፈንና በመደበቅ መካከል ነው። ያልተቀባ ፋይበርግላስ ብርሃን ያሳልፋል፤ አየር የቀረበት ስፍራ ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ስቱኮውን ከመለሰኑ በፊት ልምድ ያለው ሰው ጠርቶ «እስቲ እይልኝ» ይላል። የቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሠሪዎችን የሚያሰባስበው ኢኤኤ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር፣ ለዚሁ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ አማካሪዎች አሉት። ታይቶና ተጠግኖ ቀለም የተቀባ ነገር ተሸፈነ። ለማንም ሳይታይ የተቀባ ግን ተደበቀ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቀለሙ በሁለቱም አንድ ነው።

«አውሮፕላኑም ሕይወቱም የራሴ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ከኋላው መቀመጫ አለና። በዚያ አገር ሕጉ አውሮፕላኑ በግለሰብ የተሠራ መሆኑን ለተሳፋሪ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍ ያዛል። ጽሑፉ ግን ስለዚያች ስለተፋቀች ስፍራ አይናገርም። ልጁ ወይም ወዳጁ ያንን ሊሰማ የሚችለው ከሠሪው አፍ ብቻ ነው። እናንተንም አምነው ከኋላችሁ የተቀመጡ አሉ፤ ታናናሾቻችሁ፣ ጓደኞቻችሁ፣ ነገ የምታገቡት ሰው።

ደስ የሚለው፣ የተፋቀ ክንፍ ይጠገናል። በዙሪያው ያለው ስቱኮ ይነሣና አዲስ ጨርቅ ይነጠፍበታል። ዛሬ ቢሠራ ድካሙ ትንሽ ነው፤ ከቀለም በኋላ ግን ያማረውን ገጽ በገዛ እጅ መግፈፍን ይጠይቃል። ብዙዎች የሚዘገዩት ያ ስለሚያሳሳቸው ነው።

ስለዚህ በቡድናችሁ ስትወያዩ «ምን ሸፍኛለሁ?» በማለት አታቁሙ፤ ሁላችንም እንሸፍናለን። «ከመሸፈኔ በፊት ማን አይቶታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትጠሩት አንድ ስም እንኳ ካጣችሁ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጡና ዛሬ ማታ ለምታምኑት ሰው ደውሉ።