ግቢ ከገባ በኋላ

አንድ ጥያቄ አብረን እናስብ። ያለ ወላጅ ያደገ ወጣት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የእኛ ኃላፊነት ያበቃል ወይስ አያበቃም? ብዙዎቻችን በአፋችን «አያበቃም» እንላለን። የምናደርገው ግን ሌላ ነው። በማሳደጊያ ተቋም፣ በአክስት ወይም በጎረቤት ቤት፣ አንዳንዴም ጎዳና ላይ ያደገ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ሲያልፍ በጉባኤ ፊት እናቆመዋለን፤ እልል እንላለን፤ ሻንጣና ብርድ ልብስ ገዝተን፣ ጸልየን እንሸኘዋለን። ከዚያ ስሙ ከድጋፍ ዝርዝሩ ይሰረዛል። «እርሱ አሁን ሰው ሆኗል» ይባላል። (ልጁን መድረክ ላይ አቁሞ ችግሩን በማይክራፎን መተረኩ ቢቀር በግሌ ደስ ይለኛል።)

ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም። ገንዘቡ ውስን ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች አሉ። በሕጋችንም 18 ዓመት የሞላው ሰው አካለ መጠን ደርሷል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መኝታና ምግብ አለ፤ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፣ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ታዲያ ምን ጎደለው?

የመግቢያውን ሳምንት አስቡ። ጥሪ ሲወጣ ይዛችሁ ኑ የሚባለው ይታወቃል፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ትራንስክሪፕት ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ። ይህን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ልታሟላ ትችላለች። ቅጹ ላይ ግን የእናትን ሙሉ ስም የሚጠይቅ መስመር አለ፤ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ የሚልም አለ። ማታ ዶርም ውስጥ ሻንጣ ሲከፈት አንዱ በሶ ያወጣል፣ ሌላው ዳቦ ቆሎ፤ የእናቶች ስልክ በተራ ይጮኻል። የካፌው እንጀራ ለሁሉም እኩል ነው፤ ይህኛው ግን እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ክረምት ነው። ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ሲጎርፍ ያ ወጣት ወዴት ይሄዳል? ያደገበት ተቋም አልጋውን ለሌላ ልጅ ሰጥቶታል። አክስቱ ቤት ቢሄድ «እስከ መቼ ነው የምትቆየው?» መባልን ይፈራል።

«ሁልጊዜ ብንደግፈው ጥገኛ ይሆናል፣ ራሱን ይቻል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ራስን መቻል መልካም ነው፤ ጳውሎስም በገዛ እጁ እየሠራ አገልግሏል። ግን ከእናንተ መካከል ግቢ የገባችሁት ራሳችሁን ጠይቁ። በ18 ዓመታችሁ ራሳችሁን ችላችሁ ነበር? ብር ሲያልቅባችሁ ለማን ደወላችሁ? የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲያስደነግጣችሁ «አይዞህ፣ አይዞሽ» ያላችሁ ማን ነበር? እናት ለልጇ በየሳምንቱ ስትደውል ጥገኛ አደረገችው አንልም። እናት ለሌለው ሲሆን ስሙ ለምን ይለወጣል?

መርዶክዮስ ወላጆቿ የሞቱባትን የአጎቱን ልጅ አስቴርን እንደ ልጁ አሳደጋት። ይህን ሁላችንም በሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል። ብዙ ጊዜ የማንሰብከው ቀጥሎ ያለውን ነው። እርሷ ወደ ንጉሡ ቤት ከተወሰደች በኋላ፣ ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በሴቶቹ ቤት አደባባይ ፊት ይመላለስ ነበር (አስቴር 2፥11)። አወሳሰዷ በፈቃዷ እንዳልነበር አልዘነጋሁም፤ የማነሣው የእርሱን መመላለስ ነው። ቤተ መንግሥት ነውና ምግብም ልብስም አልጎደለባትም። በገንዘብ ቢታሰብ መርዶክዮስ ሊጨምርላት የሚችለው ነገር አልነበረም። ሆኖም «ዛሬ እንዴት ዋለች?» የሚል ሰው ደጅ ላይ ነበራት።

በአገራችንም ለዚህ ቃል አለን። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል መጥቶ ሕጋችን ውስጥ የገባ ቃል ነው፤ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ እንደ ተወላጅ ይቆጠራል፣ 18 ሲሞላው አይመለስም። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የእነዚህ ልጆች ነገር ይበልጥ የእኛው ሆኗል። ያደገን ወጣት በጉዲፈቻ ውሰዱ ማለቴ አይደለም። ዝምድናው ቀን ያልተቆረጠለት መሆኑን ግን ከዚያ እንማር።

ስለ ፈተናውም አንድ ነገር ልበል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፍቅራችን ለሚያልፍ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ የወደቀው ወላጅ አልባ በዚያች ዕለት ፈተናውንም እኛንም አጣ ማለት ነው። ለእርሱ እልልታም ሻንጣም አልነበረም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። «ወንድሜ ነህ» ብሎ ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ አለማንሳት ከመጀመሪያው ዝም ከማለት ይከፋል። ይህ ወጣት ትተውት የሄዱ ሰዎችን ከዚህ በፊትም አይቷል። ስለዚህ የማትችሉትን ቃል አትግቡ። የምትችሉት በወር አንድ ጊዜ መደወል ከሆነ አንድ ጊዜ ደውሉ፣ ግን አታቋርጡ። ለትንሣኤ ቤታችሁ ልትጋብዙት ብትፈልጉ አስቀድማችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎችም አሳውቁ፤ ለእንግዳውም ለቤቱም ደኅንነት ይህ ይጠቅማል። ታሪኩን ለዶርም ጓደኞቹ መናገር የእርሱ ፈንታ ነው። ግብዣውን እምቢ ቢልም አትቀየሙት።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ካነበቡ አንድ ልመና አለኝ፦ የአንድ ልጅ ስም ከድጋፍ ዝርዝር ሲሰረዝ በቦታው የአንድ ቤተሰብ ስም ይጻፍ፤ ያ ቤተሰብም ስልኩ በዩኒቨርሲቲው ቅጽ ላይ እንዲሰፍር ልጁ ከመሄዱ በፊት ይፍቀድ። እናንተ ግቢ ውስጥ ያላችሁት ደግሞ ክረምት ከመግባቱ አንድ ወር ቀድማችሁ «ክረምቱን የት ነህ?» በሉት። «እዚሁ አካባቢ እቆያለሁ» ቢላችሁ በዚያ አትለፉት፤ ማታ ማታ የት እንደሚያድር ጠይቁት።