ግብረ ገብን ተምረን ስለ ምን እንኮርጃለን?



ባለፈው ክረምት በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለታዳጊዎች ሒሳብ ሳስጠና፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረት ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጓደኛዬ በፈተና ላይ አሳየኝ ሲለኝ እምቢ ብለው ኃጢአት አይሆንብኝም? ያላችሁን አካፍሉ ተብለን የለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። «በሚቀጥለው እንነጋገራለን» ብዬ ሸኘሁት። እንዲህ ያልሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ትምህርቱስ አልጎደለብንም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበረ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የፖለቲካ ትምህርት መጣ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተተካ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ የሚለው የጥንቱ ስም በአንደኛ ደረጃ ተመልሶአል፤ በሁለተኛ ደረጃም የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። እኔ የደረስሁት በሥነ ዜጋው ነው። ዐሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት፤ የሕግ የበላይነት፣ ፍትሕ፣ እኩልነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያልሁ ዛሬም ሁሉንም በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ኃላፊነት የሚናገረውን ምዕራፍ እንደ ጨረስን ፈተና ተሰጠን። መምህራችን ትርጓሜውን በሰሌዳ ጽፈው እኛም በደብተራችን ገልብጠን ነበር። ፈተናው ሲጀመር ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ እኔም ወረቀቴን ገፋ አደረግሁለት። ሁለታችንም ከ20 18 አገኘን። ከፊታችን የተቀመጠችው ልጅ ግን ለጠየቃት ሁሉ ወረቀቷን በክንዷ ሸፈነች። በዕረፍት ሰዓት «ስስቴ» የሚል ስም ወጣላት፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም በዚሁ ተጠራች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤታችን የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብ ጸሐፊም ነበርሁ። (ብትስቁ አልቀየምም።)

አፍላጦን «ሜኖን» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ወጣት ሶቅራጥስን፣ በጎነት በትምህርት ይገኛልን፣ በልምምድ ነውን፣ ወይስ በተፈጥሮ? ብሎ ሲጠይቀው እናገኛለን። ሶቅራጥስም የቴሚስቶክሊስን ልጅ ያነሣል። ያ የአቴና ታላቅ ሰው ልጁን በሚሮጥ ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጦር እስኪወረውር ድረስ አስተምሮታል፤ የራሱን በጎነት ግን ሊያስተምረው አልቻለም ይላል። አርስጣጣሊስ በበኩሉ፣ ሰው በገና በመደርደር በገና ደርዳሪ እንደሚሆን ሁሉ፣ ፍትሐዊም የሚሆነው የፍትሕን ሥራ በመሥራት ነው ብሎ አስተምሮአል። እኔ ወደ አርስጣጣሊስ አደላለሁ። በእርሱ ሚዛን ከሄድን ግን እኛ በዚያ ክፍል ስንለማመድ የነበረው ኩረጃንና ያልኮረጀን ሰው መሳደብን ነው። በገናው ይህ ከሆነ ዜማው ምን ሊሆን ነው?

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። እንጀራዬን ባካፍል ለእኔ ይጎድልብኛል፣ ወንድሜም ይጠግባል። መልስ ሳሳይ ምን ጎደለብኝ? ምንም። ጓደኛዬስ ምን አገኘ? አንድ ቁጥር። ያም ቁጥር «ይህ ልጅ ይህን ነገር ያውቃል» የሚል ምስክርነት ነው፤ ምስክሩ ደግሞ እኔ ሆንሁ፣ ያውም በሐሰት። ጓደኛዬ ከትምህርት በኋላ በእናቱ ሱቅ ይሠራ ስለ ነበረ ማጥኛ ጊዜ እንዳልነበረው አውቅ ነበር። ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አብሬው ብቀመጥ ኖሮ፣ ያለኝን አካፈልሁት ማለት ያ ነበር። ቅዳሜ ግን ኳስ ነበረብኝ። ወረቀት መግፋቱ ቀለለኝ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ኩረጃ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጦርነቱም፣ ወረርሽኙም፣ የመጻሕፍት እጥረቱም አለበት። ነገር ግን ከወደቁት ውስጥ ስንቶቹ በሌላ ሰው ወረቀት እዚያ ድረስ የመጡ ነበሩ? ያሳዩአቸው የነበሩትስ እነማን ናቸው?

መምህራችንን መውቀስ አልሻም። ስልሳና ሰባ ተማሪ ላለበት ክፍል፣ ፈተናውም ትርጓሜ ለሚጠይቅበት ትምህርት፣ ጽፎ ማስገልበጥ ግድ ይሆናል። ሆኖም በዚያን ዕለት የስድቡን ወሬ ሰምተው ገብተው፣ «እስቲ ንገሩኝ፣ ይህች ልጅ በእርግጥ ስስታም ናትን?» ብለው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቢያከራክሩን ኖሮ የኃላፊነት ትምህርት ያ ይሆን ነበር። ምናልባት አብዛኞቻችን «አዎን፣ ናት» እንል ነበር። ይሁን፤ ቢያንስ ምክንያታችንን እርሷ ፊት ቆመን መናገር ሊኖርብን ነበር። እርሷም የሚያዳምጣት ታገኝ ነበር።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «ጓደኛህን ቅዳሜ ይዘኸው ና» ብቻ አልሁት። ይዞት መጣ። የሚገርመው ሁለቱም ክፍልፋይ አይችሉም፤ እስኪመሽ ድረስ ስንደክም ቆየን።

ያቺ ልጅ ዛሬ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የስልክ ቁጥሯ አለኝ፤ ይቅርታ ግን እስካሁን አልጠየቅኋትም።