ሁለተኛው ሩጫ

 

ዛሬ ስለ አንድ ሩጫ ላጫውታችሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በአንድ ጉዞ ላይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ተሽቀዳደመች። ቀደመቻቸውም። ጊዜ አለፈ፣ ሰውነቷም ወፈረ። ዳግም ተሽቀዳደሙ። በዚህኛው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀደሟትና የዚያኛው ብድር መመለሱን እየቀለዱ ነገሯት። ታሪኩን አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ትዳር ፍቅር ሲወራ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሌላ ነገር ተመልከቱበት። መወፈሯን የነገረችን ራሷ ናት፤ አላፈረችበትም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ውፍረቷን መውቀሻ አላደረጉትም። ደግሞም ሁለተኛውን ሩጫ ሮጣለች። «መጀመሪያ ልክሳ፣ ከዚያ እሮጣለሁ» ብላ አልቀረችም።

ብዙዎቻችን የቆምነው እዚህ ጋ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን ኳስ እንጫወት ነበር። ከዚያ ሥራው፣ ወንበሩ፣ ትዳሩ፣ ማታ ማታ ስልኩ መጣ። አሁን መጀመር ስናስብ የድሮው ቱታ አይገባንም፤ ሰው ምን ይለኛል እንላለን። «ተነሳሽነቱ ሲመጣ» እያልን ዓመት ያልፋል።

እኔም ከናንተው አንዱ ነኝ። አንድ ረመዳን ተራዊሕ ላይ ገና ከመሐሉ ጉልበቴ ታመመ፣ ትንፋሼም አጠረ። ኢማሙ ውብ አድርጎ እየቀራ የእኔ ልብ «መቼ ነው ሩኩዕ የሚወርደው?» ይል ነበር። ከጎኔ የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው ጸጥ ብለው ቆመዋል። እኔ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ያን ሌሊት ያስጨነቀኝ መልኬ አልነበረም፤ ከዚህ ጉልበት ገና ስንት ሱጁድ እንደሚጠበቅ ማሰቤ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኒያችንን እናስተካክል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን ሁሉ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አካሉ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነገሩት (ቡኻሪና ሙስሊም)። አስቡት! ሶላትና ጾም እንኳ የአካልን ሐቅ ለመርሳት ምክንያት ካልሆኑ፣ ስልክና ሶፋ እንዴት ምክንያት ይሆናሉ? ለፎቶ ብለን የጀመርነው ፎቶው ሲሰለቸን ይቆማል። አማናውን ለመጠበቅ የጀመርነውን ግን ማንም ባያየን አላህ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ጀምሩ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ያስተላለፈችልን ያቺው ዓኢሻ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ 5 ቀን ማለት ነው። ለቆየ ሰው ግን ከሱብሒ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ መልካም ጅምር ነው። ከታክሲ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውረዱና መስጂድ በእግራችሁ ግቡ፤ ወደ ሶላት የሚወስድ እርምጃ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፣ ኃጢአት ያብሳል። ብቻ ወደ ሶላት በእርጋታ እንጂ በሩጫ አይኬድም!

ሦስተኛ፣ ማዕዳችሁን ተመልከቱ። አላህ በሱረቱል አዕራፍ ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ ብሎናል። ሰኞና ሐሙስ የምትጾሙ ደግሞ ቀኑን የተውትን በአንድ ኢፍጣር አትመልሱት።

ለወንድሞች አንድ አደራ አለኝ። በኢማም አሕመድ ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዓኢሻ ጋር ከመሽቀዳደማቸው በፊት ሰዎቹ ቀድመው እንዲሄዱ አድርገዋል። ሚስታችሁ ወይም እህታችሁ መንቀሳቀስ ከፈለገች «ለሴት ምን ያደርጋል» አትበሏት፤ ልጆቹን ያዙላት፣ ሰው የማያይበት ቦታ አመቻቹላት።

በማንም ሰውነት አትቀልዱ። አንዱ በሕመም፣ ሌላው በመድኃኒት፣ ሌላዋ ከወሊድ በኋላ ወፍራለች። መሳለቅን ሱረቱል ሑጁራት ከልክሎናል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብታቆሙስ? እንደገና ጀምሩ። ወድቆ የሚነሣ ባሪያን ተውበት በር አይዘጋበትም፤ እናንተም በራሳችሁ ላይ በር አትዝጉ። ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ የተወሰነውን መንገድ በእግራችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ሩጫ ከዚያ ይጀምር።

አላህ በአካላችን ዓፊያን ይስጠን፤ የሰጠንንም ጉልበት በእሱ ትእዛዝ ላይ የምናውለው ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።